ዋልካ አፈርና የምትሾር ኳስ፦ አዲስ የገባ የክሪኬት መቺ በዝግተኛ ኳስ የሚሸነፍበት ምክንያት

ክሪኬት በሕንድ፣ በፓኪስታን፣ በእንግሊዝና በአውስትራሊያ እጅግ ብዙ ሕዝብ የሚከታተለው፣ በኢትዮጵያ ግን እምብዛም የማይታወቅ የመምቻና የኳስ ጨዋታ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ጨዋታ ውስጥ ካሉት ጥያቄዎች አንዱ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ ለተንጣለለው ለፎገራ ሜዳ ባዕድ አይደለም። ጥያቄው፣ በዝግታ እየሾረች የምትመጣ ኳስ በእጥፍ ያህል ከምትፈጥነው ኳስ ይልቅ ገና ወደ ሜዳ የገባን መቺ ለምን ታስቸግረዋለች የሚል ነው። የመልሱ ትልቅ ክፍል የሚገኘው በወርዋሪው ጣት ላይ ሳይሆን ኳሷ በምታርፍበት አፈር ውስጥ ሲሆን፣ ያም አፈር ከወረታ ከተማ ወጥቶ በርብና በጉማራ ወንዞች መካከል የሚጓዝ ሰው ከሚረግጠው፣ በክረምት አብጦ በበጋ ከሚሰነጠቀው ጥቁር ዋልካ ጋር በባሕርዩ አንድ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ከጨዋታው ሕግ ጥቂቱ ይበቃል። አሥራ አንድ አሥራ አንድ ተጫዋቾች ያሏቸው ሁለት ቡድኖች በየተራ ይመታሉ፤ በሜዳው መካከል ፒች የሚባል፣ ከዳር እስከ ዳር 20.12 ሜትር የሚረዝምና 3.05 ሜትር የሚሰፋ የተደለደለ መሬት አለ፤ በሁለቱም ጫፎቹ ሦስት ሦስት እንጨቶች ተተክለው ዊኬት ይባላሉ። ወርዋሪው ክንዱን ዘርግቶ ኳሷን ይወረውራል፣ ኳሷም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጊዜ መሬት ነክታ ወደ መቺው ትነጥራለች። መቺው ኳሷን መትቶ ነጥብ ማግኘት፣ ከዚያ በፊት ግን ዊኬቱን መጠበቅ አለበት፤ ኳሷ ዊኬቱን ከመታች፣ እርሱ የመታት ኳስ መሬት ሳትነካ በተቃራኒ ተጫዋች ከተቀለበች፣ ወይም ዊኬቱን ልትመታ የነበረችን ኳስ በእግሩ ካገደ ይወጣል። የወጣ መቺ በዚያ ተራ፣ በጨዋታው አጠራር በዚያ ኢኒንግ፣ ተመልሶ አይገባም። በእግር ኳስ አንድ ኳስ የሳተ አጥቂ ከደቂቃ በኋላ ሌላ ዕድል ያገኛል፤ የክሪኬት መቺ ግን በመጀመሪያዋ ኳስ ከተሳሳተ ቀኑ አለቀ ማለት ስለሆነ፣ የኢኒንጉ መጀመሪያ ከሁሉ ይልቅ የሚፈራ ጊዜ ነው።

ወርዋሪዎች በሁለት ታላላቅ ወገኖች ይከፈላሉ። ፈጣኖቹ ኳሷን በሰዓት 140 ኪሎ ሜትር ያህል ሲልኳት፣ አሿሪዎቹ ከ70 እስከ 95 ኪሎ ሜትር ባለው ፍጥነት ይወረውሯትና በጣታቸው ወይም በእጅ አንጓቸው ኃይል እንደ እንዝርት እንድትሾር ያደርጓታል። 160 ግራም ያህል የምትመዝነው፣ ውስጧ ቡሽ፣ ውጪዋ ቆዳ የሆነችው ኳስ በጥሩ አሿሪ እጅ በደቂቃ 2000 ጊዜ ያህል ልትሾር ትችላለች፤ ይህም የቆዳዋ ጠርዝ በሰከንድ ሰባት ሜትር ተኩል ያህል ይሽከረከራል ማለት ነው።

የሽክርክሪቱ የመጀመሪያ ሥራ በአየር ላይ ነው። የምትሾር ኳስ በዙሪያዋ ያለውን አየር በአንድ ወገን ይበልጥ እየጎተተች ወደ ኋላዋ አጣምማ ስትለቀው፣ አየሩ ደግሞ በምላሹ እርሷን ወደ ተቃራኒው ወገን ይገፋታል፤ ይህ ግፊት በ1852 እ.ኤ.አ. ባጠናው በጀርመናዊው ሳይንቲስት በጉስታቭ ማግኑስ ስም ይጠራል። ኳሷ ወደ ፊት የምትሾር ከሆነ ግፊቱ ወደ ታች ስለሚሆን፣ መቺው ከገመተው ቦታ ቀደም ብላ ታርፋለች፤ ወደ ጎን የምትሾር ከሆነ ደግሞ በአየር ላይ ሳለች ወደ አንድ ጎን ትንሸራተትና መሬት ስትነካ ወደ ሌላው ጎን ትታጠፋለች። የዚህ ታዋቂ ምሳሌ አውስትራሊያዊው ሼን ዋርን በሰኔ 1993 እ.ኤ.አ. በማንቸስተር ለእንግሊዛዊው ማይክ ጋቲንግ የወረወራት ኳስ ናት፤ ኳሷ ከመቺው እግር ውጪ እስክታርፍ ድረስ በአየር ላይ ተንሸራታ፣ ከመሬት ስትነሣ በሰውዬው ፊት አቋርጣ የተቃራኒውን ወገን ዊኬት መታች። ዋርን በእንግሊዝና በአውስትራሊያ መካከል በሚደረገው በዚያ ዝነኛ ፉክክር የወረወራት የመጀመሪያ ኳሱ ነበረች።

የአየሩ ክፍል እንደ ቦታው ከፍታ ይለያያል። ፎገራ ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል፣ የአየሩ እፍግታ በባሕር ዳርቻ ካለው በመቶ 16 ያህል ያንሳል፤ ማግኑስ ያጠናው ግፊትም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በተመሳሳይ ከፍታ ላይ በምትገኘው በጆሃንስበርግ የሚጫወቱ አሿሪዎችም የሚሠሩት በዚሁ በሳሳ አየር ውስጥ ነው። የቀረው ሥራ ለመሬቱ ይተዋል።

በመሬቱ ላይ የሚሆነው ነገር በሰከንድ ጥቂት ሺኛ ክፍል ውስጥ ያልቃል። የምትሾረው ኳስ መሬት ስትነካ የቆዳዋ ጠርዝ አፈሩን ይቧጭራል፣ ሰበቃውም ሽክርክሪቱን በከፊል ወደ ጎን ጉዞ ይለውጠዋል። መሬቱ እርጥብና ለስላሳ ሣር የለበሰ ከሆነ ኳሷ አንሸራታ ታልፋለች፤ ደርቆ ላዩ መፈርፈር ከጀመረ ግን ትንሽ ሰመጥ ትልና ጨብጣው ትታጠፋለች፣ ፍጥነቷም ይቀንሳል። በኳሷ ወገብ ዙሪያ ከፍ ብሎ የተሰፋው ስፌት መሬቱን የነካ እንደ ሆነ ጭበጣው ይበረታል፤ ለስላሳው ቆዳ የነካ እንደ ሆነ ይደክማል። ስለዚህ አንዱ ወርዋሪ በአንድ ዓይነት የእጅ እንቅስቃሴ የወረወራቸው ሁለት ኳሶች አንዷ ታጥፋ፣ ሌላዋ ቀጥ ብላ ልትሄድ ትችላለች፤ ይህን ደግሞ ወርዋሪው ራሱ አስቀድሞ አያውቀውም።

እዚህ ላይ የአፈሩ ጉዳይ ዋና ይሆናል። የክሪኬት ፒች የሚሠራው ከአሸዋማ አፈር ሳይሆን ሸክላ ከበዛበት አፈር ነው፤ በእንግሊዝ የሸክላው ድርሻ በመቶ 30 ገደማ ሲሆን፣ በአውስትራሊያ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ያልፋል። የሜልቦርን ትልቁ ሜዳ ፒች ሲሠራበት የኖረው የሜሪ ክሪክ ጥቁር አፈር ከባዛልት ድንጋይ መፈራረስ የተገኘ ነው፤ በመካከለኛውና በምዕራብ ሕንድ የተንሰራፋው ጥቁር አፈርም ከ66 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰው የዴካን ባዛልት ልጅ ነው። በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ላይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ተመሳሳይ የባዛልት ጎርፍ ፈስሶ ነበር፤ የርብና የጉማራ ወንዞች ከጉና ተራራ አካባቢ እየሸረሸሩ ያወረዱት የዚያ ድንጋይ ደለል በጣና ዳር ተጠራቅሞ የፎገራን ዋልካ ሠርቷል። የአፈር ተመራማሪዎች እንዲህ ያለውን አፈር ቨርቲሶል ይሉታል፤ በሸዋ ገበሬ ዘንድ መረሬ የሚባለውም ይኸው ሲሆን፣ በአገሪቱ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር የማያንስ መሬት ይሸፍናል።

የዋልካን ጠባይ የሚወስነው ስሜክታይት የሚባለው የሸክላ ማዕድን ነው። ይህ ማዕድን እጅግ ስስ ከሆኑ ንብርብሮች የተሠራ ሲሆን፣ ውሃ በንብርብሮቹ መካከል እየገባ ስለሚያራርቃቸው አፈሩ ያብጣል፤ ውሃው ሲወጣ ንብርብሮቹ ይቀራረቡና አፈሩ ይኮማተራል፣ መኮማተሩም ንቃቃት ይከፍታል። የፎገራ ገበሬ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ በሐምሌና በነሐሴ ሜዳው ውሃ ሲተኛበት ሩዝ ያበቅላል፣ ክረምቱ ሲወጣ አፈሩ አምቆ በያዘው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራል፣ በበጋው ጫፍ ደግሞ የከብት እግር የሚይዝ ንቃቃት ይጠብቀዋል። ከላይ የረገፈው ብናኝ በንቃቃቱ ውስጥ ወርዶ በቀጣዩ ክረምት ስለሚያብጥና የታችኛውን አፈር ወደ ላይ ስለሚገፋ፣ ዋልካ ራሱን በራሱ ያርሳል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የክሪኬት መሬት ጠባቂ ይህንኑ ጠባይ ለራሱ ዓላማ ይገራዋል። አሠራሩ ገበሬ አውድማ ከሚያሰናዳበት ጥበብ ብዙም አይርቅም፤ ገበሬው ቦታውን ጠርጎ፣ ውሃ አርከፍክፎ፣ በከብት አስረግጦና በእበት ለቅልቆ እህሉን የሚችል ጠንካራ ወለል እንደሚያወጣ ሁሉ፣ የፒች ባለሙያውም ሸክላውን ለቀናት በውሃ ካራሰ በኋላ እየደረቀ ሲሄድ በከባድ ማዳመጫ ደጋግሞ ይደፈጥጠዋል። በእበቱ ፋንታ ሣር አለ፤ የሣሩ ሥር ውሃውን ከጥልቀት እየመጠጠ አፈሩ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከታችም እንዲደርቅና እንዲጠብቅ ያደርጋል፣ ፒቹ ሲዘጋጅም ሣሩ እስከ ሥሩ ይታጨዳል። እንዲህ የተሠራ ሸክላ እንደ ጡብ ስለሚጠነክር ኳሷ በላዩ ላይ ከፍ ብላ ትነጥራለች፤ ጥንካሬው ግን እንደ ሌላው ጊዜያዊ ነገር ሁሉ ያልቃል። ቴስት በሚባለው አምስት ቀን በሚፈጅ ውድድር ፒቹ በመጀመሪያው ቀን ጥቂት እርጥበት ይዞ ስለሚጀምር ለአሿሪ እምብዛም አይመችም፤ ቀናት ሲያልፉ ይደርቃል፣ ይነቃል፣ የወርዋሪዎቹ ባለ ችንካር ጫማም ዳሩን ይፈረፍረዋል። በአራተኛውና በአምስተኛው ቀን ወደ ሜዳ የሚገባ መቺ የመጀመሪያዋን ኳስ የሚቀበለው እንግዲህ በዚህ በነቃ መሬት ላይ ነው።

ሕንዳውያን ስለ አንድ ሜዳ ሲነጋገሩ መጀመሪያ የሚጠይቁት አፈሩ ቀይ ነው ወይስ ጥቁር የሚለውን ነው። በቀዩ ላይ፣ ለምሳሌ በሙምባይ ዋንክሄዴ ሜዳ፣ ኳሷ ከፍ ብላ ትነጥራለች፣ ስትታጠፍም በፍጥነት ትታጠፋለች፤ ጥቁሩ እርጥበት ይዞ ስለሚቆይና ስለሚያያዝ ኳሷ ዝቅና ዝግ ትላለች። ከአዲስ ዘመን ከተማ በላይ ካለው ከደን ለበሱ ከጣራ ገዳም ከፍታ ወደ ሜዳው የሚወርድ ሰው፣ ከተዳፋቱ ቀላ ያለና ውሃ የሚያሳልፍ አፈር ተነሥቶ በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ጥቁሩ ዋልካ ላይ ስለሚደርስ፣ በሕንድ ከአውራጃ አውራጃ የሚለየውን ነገር በአንድ ቁልቁለት ያየዋል።

መሬቱ ይህን ያህል ካደረገ፣ የቀረው የመቺው ዓይንና እግር ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የምትመጣ ኳስ ከወርዋሪው እጅ መቺው ቆሞ እስከሚጠብቅበት ድረስ 0.8 ሰከንድ ያህል ይፈጅባታል፤ ፈጣኗ ግን በግማሽ ሰከንድ ውስጥ ትደርሳለች። በዚህ ስሌት ዝግተኛዋ ቀላል መሆን ነበረባት። ማይክል ላንድና ፒተር ማክሎድ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2000 እ.ኤ.አ. የመቺዎችን የዓይን እንቅስቃሴ ቀርጸው እንዳሳዩት፣ መቺ ኳሷን እስከ መጨረሻው አይከተላትም፤ ከእጅ ስትወጣ ጥቂት ያያትና ዓይኑን አስቀድሞ ታርፍበታለች ብሎ ወደ ገመተው ቦታ ይወረውራል፣ እዚያም ይጠብቃታል። የተሻለው መቺ ይህን የዓይን ዝላይ ከሌላው ቀድሞ ያደርገዋል። ማክሎድ ቀደም ሲል በ1987 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ደግሞ፣ ኳሷ ከመሬት ስትነሣ ባልታሰበ አቅጣጫ ብትታጠፍ በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚጫወት መቺ እንኳ መምቻውን ለማስተካከል 0.2 ሰከንድ ያህል እንደሚያስፈልገው አሳይቷል። የእነዚህ መቺዎች ዓይን ከተራው ሰው ዓይን የፈጠነ አለመሆኑ ከጥናቱ ውጤቶች ሁሉ የሚያስደንቀው ነው።

ይህች ሁለት ዐሥረኛ ሰከንድ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ናት። አንዲት ኳስ መሬት ከነካች በኋላ በሰከንድ 15 ሜትር እየሄደች በ5 ዲግሪ ትታጠፋለች እንበል። ካረፈችበት ግማሽ ሜትር ርቀት ላይ ከቀጥታ መስመሯ የምትወጣው 4.4 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ የመምቻው ስፋት እስከ 10.8 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ በቀጥታ መስመሯ ላይ የተያዘ መምቻ በመካከሉ ባይሆን እንኳ በጠርዙ በኩል ያገኛታል። ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ግን 17.5 ሴንቲ ሜትር ትወጣለች፤ እዚያ ለመድረስ የፈጀባት ጊዜ 0.13 ሰከንድ በመሆኑ መቺው መታጠፏን አይቶ እጁን ሊያስተካክል አይችልም። ከሦስት ሜትር በላይ ከራቀች ደግሞ መታጠፉ ቢሰፋም 0.2 ሰከንዱ ስለሚሞላ፣ ዓይን አይቶ እጅ ሊከተል ይችላል። አደጋው ያለው እንግዲህ ከስድሳ ሴንቲ ሜትር እስከ ሦስት ሜትር ባለው ክልል ውስጥ ነው፤ ብልህ አሿሪም ኳሷን የሚጥላት እዚያው ነው። ዝግተኛዋ ኳስ መቺውን የምታሸንፈው መሬት ከነካች በኋላ ባለው በዚህ አጭር ርቀት እንጂ በጠቅላላ የጉዞ ጊዜዋ አይደለም።

አዲስ የገባ መቺ ከቆየው የሚለየውም በዚሁ ነው። ኮንራድ ኮርዲንግና ዳንኤል ዎልፐርት በ2004 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሙከራ እንደ ታየው፣ የሰው አእምሮ እንቅስቃሴን ሲያቅድ በዓይኑ የሚያገኘውን ያልተሟላ መረጃ ከዚያ በፊት ከቀሰመው ልምድ ጋር ያዳምራል፤ ዓይኑ እርግጠኛ ባልሆነ ቁጥር በልምዱ ላይ ይበልጥ ይደገፋል። ሃምሳ ኳሶችን የተቀበለ መቺ ስለዚያ ፒች፣ ስለዚያ ወርዋሪና ስለዚያ ቀን ልምድ አለው፤ ኳሷ ምን ያህል ከፍ ብላ እንደምትነሣ፣ ምን ያህል እንደምትዘገይ እግሩ ሳይቀር ያውቀዋል። አሁን የገባው መቺ ያለው ልምድ ግን በሌላ ሜዳ፣ ምናልባትም በልምምድ ጊዜ የተገኘ ነው፤ ስለዚህ ገና ሳያያት ወደ ፊት የመራመድ ወይም ወደ ኋላ የመቅረት ውሳኔው ከዚህኛው መሬት ጋር ላይገጥም ይችላል። ተቃራኒዎቹ ይህን ስለሚያውቁ ቀላቢዎቻቸውን አፍንጫው ሥር ያቆሙበታል።

ከዚህ ላይ አዲስ ኳስ ሲጨመር ነገሩ ይብሳል። በተለምዶ አዲስ ኳስ የፈጣኖቹ ነው፣ አሿሪ የሚጠራው ቆዳዋ ከተፋቀ በኋላ ነው። የኒውዚላንዱ አምበል ማርቲን ክሮው ግን በ1992 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫ ለአሿሪው ለዲፓክ ፓቴል ገና ከጅምሩ ኳሷን ሰጥቶ በፍጥነት ሊመቱ የተዘጋጁትን ተቃራኒዎች ግራ አጋባ፤ ዘዴው ዛሬ በአጫጭር ውድድሮች የተለመደ ሆኗል። አዲሷ ኳስ ጠንካራና በቀለም የተወለወለች ስለሆነች ስፌቷ ሲያርፍ ትታጠፋለች፣ ቆዳዋ ሲያርፍ ደግሞ ተንሸራታ ቀጥ ብላ ትገባለች። በየካቲት 2021 እ.ኤ.አ. በሕንድ አህመዳባድ የተካሄደው የሕንድና የእንግሊዝ ቴስት የዚህ ፈተና ማሳያ ነው፤ እንግሊዞች 112 እና 81 ነጥብ ብቻ አስመዝግበው በሁለት ቀን ተሸነፉ፣ የሕንዱ አክሳር ፓቴልም በሁለቱ ኢኒንጎች 11 መቺዎችን አስወጣ። ፒቹ ክፉኛ ተወቅሷል፤ ነገር ግን ከወጡት መቺዎች ብዙዎቹን የጣላቸው የታጠፈችው ኳስ ሳትሆን ትታጠፋለች ብለው የጠበቋት፣ እርሷ ግን ቀጥ ብላ የገባችው ኳስ ነበረች። ወቀሳው ሁሉ በመሬቱ ላይ መውረዱ ፍትሐዊ አልነበረም።

ጎበዝ መቺዎች በልምድ የደረሱበት መፍትሔ ከላይ ካለው ስሌት ጋር ይስማማል። ወይ ረጅም ተራምደው ኳሷ ባረፈችበት ላይ ይደርሱባታል፣ ወይ ወደ ዊኬታቸው አፈግፍገው እንድትታጠፍ ጊዜ ይሰጧታል፤ በመካከሉ ተተክሎ መቅረትን ይጠላሉ። አንዳንዶች በጉልበታቸው ተንበርክከው መምቻውን በአግድም እያሳለፉ፣ ኳሷ እንደ ነጠረች ሳትታጠፍ ይጠርጓታል። መምቻውን ጠበቅ ሳያደርጉ ለዘብ አድርጎ መያዝም ከጠርዙ የምትነካ ኳስ ሩቅ ሳትሄድ ወደ መሬት እንድትወድቅ ይረዳል። ቀድሞ እግርን ከመምቻው አስቀድሞ ዘርግቶ ማገድ አስተማማኝ መሸሸጊያ ነበር፤ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቪዲዮ የሚታገዝ ዳኝነት እየተስፋፋ ከመጣ ወዲህ ግን ያ መሸሸጊያ ፈርሷል።

ይህ ሁሉ ለምሥራቅ አፍሪካ የሩቅ ወሬ አይደለም። በየካቲት 2003 እ.ኤ.አ. በናይሮቢ በተደረገ የዓለም ዋንጫ ግጥሚያ የኬንያው አንጓ አሿሪ ኮሊንስ ኦቡያ 24 ነጥብ ብቻ ሰጥቶ አምስት የስሪላንካ መቺዎችን በማስወጣት አገሩን ለድል አበቃ፤ ኬንያም በዚያው ውድድር እስከ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰች። ናይሮቢ የምትገኘው ከወረታ ጋር በሚቀራረብ ከፍታ ላይ ሲሆን፣ የዙሪያዋ ከፊልም እንደ ፎገራ ጥቁር ሸክላ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኡጋንዳው ፍራንክ ንሱቡጋ በ43 ዓመቱ በዓለም ዋንጫ ሃያ አራት ኳሶችን ወርውሮ አራት ነጥብ ብቻ በመስጠት ሁለት መቺዎችን አስወጥቷል። በእኛ አገር በታኅሣሥ ከአጨዳ በኋላ በሚለቀቀው ማሳ ላይ የሚጫወቱት ገና የመምቻና የኳስ ጨዋታ ቢሆንም፣ ሩር የምትባለው ኳሷ በአብዛኛው በምድር ላይ ስለምትነዳ የንጥረት ጥያቄ እምብዛም አይነሣበትም።

የፎገራ ዋልካ ለፒች ይበቃ እንደ ሆነ ማወቅ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። እንግሊዞች ሲሠሩበት የኖሩት አንዱ ፍተሻ ኳስን ከ4.9 ሜትር ከፍታ መጣል ነው፤ ከ76 ሴንቲ ሜትር በላይ ከነጠረች መሬቱ በጣም ፈጣን፣ ከ38 በታች ከሆነ ዝግተኛ ይባላል። ሌላው ፍተሻ ደግሞ አፈሩን አቡክቶ ትንንሽ ድብልብል መሥራት፣ በጥላ ማድረቅና እስኪሰበር ድረስ ክብደት መጫን ነው፤ የሚሰበርበት ክብደት የሸክላውን ጥንካሬ ይነግራል። በወረታ የሚገኘው የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አፈሩን ለሰብል ሲል ያጠናዋል፤ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም የስፖርት አካዳሚ አለው። ሁለቱ ቢተባበሩ ከሜዳው ላይ ሃያ ሜትር ዋልካ፣ ከተዳፋቱ ሃያ ሜትር ቀይ አፈር ደልድለውና አዳምጠው፣ ከጥቅምት እስከ የካቲት በየሳምንቱ የኳሷን ንጥረት ሊለኩ ይችላሉ፤ ውጤቱን አንድም የክሪኬት ቡድን ባይጠቀምበት እንኳ፣ ዋልካ ሲደርቅ በምን ፍጥነት እንደሚጠነክርና መቼ እንደሚነቃ ማወቅ ለመንገድ ሠሪውም ለገበሬውም ይጠቅማል።